ሞተሩ ይውረድ ወይስ ፋሻና ብሮንዚን ይበቃዋል?

የክረምቱ ዝናብ በረድ ሲልና የመኸሩ አዝመራ ገና ሳይደርስ፣ በየገጠር ከተማው ጋራዥ በር ላይ ካቢናቸው ወደ ፊት ተደፍቶ የሚቆሙት የጭነት መኪናዎች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህም መካከል የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የዩኒየኖች ንብረት የሆኑት፣ ዓመቱን ሙሉ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወደ ቀበሌ፣ እህል ደግሞ ወደ ገበያ ሲያመላልሱ የከረሙት አይሱዙዎች ይገኙባቸዋል። መኪናው ጢስ አብዝቷል፤ ዘይት ይበላል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥረዋል። ከዚህ በኋላ በሥራ አመራር ኮሚቴው ፊት የሚቀርበው ጥያቄ በየቦታው አንድ ዓይነት ነው። ሞተሩ ወርዶ ከሥር እስከ ላይ ይታደስ? ወይስ የተጎዳው ብቻ ተለውጦ ሥራውን ይቀጥል?

ጥያቄው የመካኒክ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከጅቡቲ ወደብ የሚነሣው ማዳበሪያ በትላልቅ ተሳቢ መኪናዎች እስከ ዩኒየኑ መጋዘን ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን የጠጠርና የጥርጊያ መንገድ ይዞ እስከ መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን የሚዘልቀው ግን አነስተኛው መኪና ነው። በቆሎ የሚዘራ ገበሬ የዘር ማዳበሪያውን የሚፈልገው ዘሩን ከመሬት ጋር በሚያገናኝበት ቀን እንጂ ከሁለት ሳምንት በኋላ አይደለም። መኪናው ግንቦት ላይ ቢቆም የሚጎዳው የማኅበሩ ሂሳብ ብቻ ሳይሆን የአባላቱ ማሳ ጭምር ነው። በአንጻሩ ደግሞ ለማያስፈልግ ሙሉ እድሳት የወጣ ገንዘብ ከአባላቱ የትርፍ ክፍፍል ላይ የተነሣ ገንዘብ መሆኑ አይዘነጋም።

አሮጌውን ሸጦ አዲስ መግዛት ለሚለው ሐሳብ ጊዜው አመቺ አልሆነም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ፋሻውም ብሮንዚኑም ፒስተኑም ከባሕር ማዶ የሚመጣ በመሆኑ የመለዋወጫው ዋጋ የምንዛሪውን ተከትሎ መውጣቱ የግድ ነበር። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና ዕድሜ ማራዘም ዛሬ የብዙ ማኅበራት ምርጫ ሆኗል፤ ወይም ምርጫ በማጣት የተያዘ መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

ሙሉ እድሳት ሲባል ሞተሩ ከሻንሲው ወርዶ፣ አንድ በአንድ ተፈትቶ፣ ሲሊንደሩ በሬቲፊካ የሚቆፈርበት ወይም ላይነሩ የሚለወጥበት፣ ክራንክ ሻፍቱ ተሞርዶ ልኩን የጠበቀ ብሮንዚን የሚገባለት፣ ፒስተኑ፣ ፋሻው፣ የዘይት ፓምፑና ቴስታታው በሙሉ የሚታዩበት ሥራ ነው። ሁለተኛው መንገድ በጋራዥ ቋንቋ ባጭሩ «ፋሻና ብሮንዚን» ይባላል። ሞተሩ በቦታው እንዳለ ቴስታታው ከላይ፣ የዘይቱ ማጠራቀሚያ ሳህን ከሥር ይፈታል። ፒስተኖቹ ወጥተው ፋሻቸው ይለወጣል፤ ብሮንዚኑ ይቀየራል፤ ቫልቮቹ ይፈጫሉ፤ ጓርኒሲዮኖቹና የዘይት ማገጃ ጎማዎቹ አዲስ ይሆናሉ። ይህኛው በቀናት የሚያልቅና በወጪም በብዙ የሚያንስ ነው። ጉዳቱ ያለው ለማይገባው ሞተር ሲሠራለት ነው። ያን ጊዜ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይወጣል።

እዚህ ላይ በቅድሚያ መነሣት ያለበት የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጉዳይ ነው። ብዙ ኮሚቴዎች «መኪናው ይህን ያህል ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ ስለዚህ ሞተሩ አልቋል» ብለው ይደመድማሉ። ቆጣሪው ሳይበላሽና ሳይነካ የቆየ ቢሆን እንኳን የሚናገረው ርቀትን ብቻ ነው። በአስፋልት ላይ ተመጣጣኝ ጭነት ይዞ 400 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር፣ በአቧራማ መንገድ ከልክ በላይ ተጭኖ 150 ሺህ ከሄደው በተሻለ ይዞታ ላይ ሊገኝ ይችላል። በሬን በዕድሜው ብቻ የሚገዛ ገበሬ የለም፤ ጥርሱን ያያል፣ ትከሻውን ይዳስሳል፣ አስኪዶም ያየዋል። ሞተርም እንዲሁ ነው።

ከሁሉ በላይ ሞተር የሚጨርሰው አቧራ ነው። 4.3 ሊትር ስፋት ያለው የአይሱዙ ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር በእያንዳንዱ ደቂቃ ወደ 4 ሺህ ሊትር ገደማ አየር ይስባል። ይህም በሰዓት ሲታሰብ አንድ መለስተኛ መጋዘን የሚሞላ አየር ነው። በበጋ ወራት ከፊት የሚሄድ መኪና የሚያስነሣው አቧራ ሁሉ ወደዚህ አፍ ይጎርፋል። የአየር ፊልትሮው የተቀደደ፣ ጎማው የደረቀ ወይም ክዳኑ በሽቦ የታሰረ ከሆነ ደቂቁ አሸዋ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ የላይኛውን ፋሻ እንደ ሞረድ ይበላዋል። አንዳንድ ረዳቶች ፊልትሮውን በጎሚስታ ቤት በኃይለኛ የአየር ግፊት እየነፉ ዓመት ሙሉ ይጠቀሙበታል። ወረቀቱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያወጣል፤ ፊልትሮው ንጹሕ ይመስላል፤ ሞተሩ ግን አሸዋ እየበላ ነው። የፊልትሮ ዋጋ ከሞተር እድሳት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የጨው ዋጋ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ጢሱ ነው። ሰማያዊ መልክ ያለው ጢስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ነጭ ጢስ፣ በተለይ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ፣ ያልተቃጠለ ናፍታ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውሃ ነው። ጥቁር ጢስ ደግሞ ናፍታው ከአየሩ መብዛቱን ይገልጻል። በአገራችን ብዙ ስሕተት የሚፈጸመው በዚህ በጥቁሩ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ በ2,400 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ወይም ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ የናፍታ ፓምፑ ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ መኪና ደጋ ላይ ጥቁር ጢስ ቢያወጣና ጉልበቱ ቢቀንስ የሚያስገርም አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ሾፌር ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ መኪናው ሸለቆው ውስጥ ያለውን ጉልበት አፋፉ ላይ አያገኘውም። ለዚህ መድኃኒቱ ፓምፑን ማስተካከልና የአየሩን መንገድ ማጽዳት እንጂ ሞተር ማውረድ አይደለም።

ይኸው የከፍታ ነገር በኮምፕሬሽን ልኬት ላይም ይመጣል። ጋራዡ የሲሊንደሮቹን ግፊት ሲለካ የሚያነጻጽረው በአምራቹ መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ግን ለባሕር ጠለል አቅራቢያ ነው። እንበልና መጽሐፉ 28 ባር ቢል፣ በደብረ ማርቆስ ያ ጤነኛ ሞተር የሚያሳየው ወደ 21 ባር ገደማ ነው። ይህን ያልተገነዘበ መካኒክ ደኅናውን ሞተር «አልቋል» ብሎ ሊፈርድበት ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ መጠን ይበልጥ መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑና ልዩነታቸው ከአንድ አሥረኛ ካልበለጠ ሞተሩ በእኩል አርጅቷል ማለት ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በብዙ ከወደቀ ግን ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው፤ የተቃጠለ ቫልቭ፣ የተሰበረ ፋሻ ወይም የተነፋ ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ ደርሶ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ቦታ ሞተሩ እንዳይዞር ይያዛል፤ ከዚያም በኖዝሉ ቀዳዳ በኩል ከኮምፕረሰር የተጨመቀ አየር ይገባል። ቀሪው ጆሮ ማቆም ነው። አየሩ በጢስ ማውጫው በኩል ከፏጨ የጢሱ ቫልቭ አይዘጋም። በአየር ማስገቢያው ከፏጨ የማስገቢያው ቫልቭ ነው። በዘይት መሙያው ክዳን በኩል ከተነፈሰ ፋሻው ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተንቆረቆረ ጓርኒሲዮኑ ተነፍቷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። አንዳንዶች በቤንዚን መኪና የለመዱትን ይዘው በሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ጨምረው ይለካሉ። የናፍታ ሞተር የመጨመቂያ ቦታው እጅግ ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ ራሱ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳስታል፤ ከበዛም ጉዳት ያመጣል።

የዘይት ፍጆታም በቃል ሳይሆን በመዝገብ መታወቅ አለበት። ሾፌሩ በየጊዜው የጨመረውን ዘይትና በዚያ ጊዜ የሄደውን ኪሎ ሜትር ቢጽፍ፣ በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ወይም አንድ ሊትር የሚጨመርለት አሮጌ ሞተር ገና ሥራ የሚሠራ መሆኑ፣ በየ200 ኪሎ ሜትሩ ሊትር የሚፈልገው ደግሞ ቀኑ የደረሰ መሆኑ ከደብተሩ ላይ ይታያል። ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚው ለውጡ ነው። ፍጆታው ለሁለት ዓመት ሳይለወጥ ቆይቶ በአንድ ወር ውስጥ በእጥፍ ከጨመረ የተሰበረ ወይም የተቃጠለ ነገር አለ። ቀስ እያለ ከጨመረ እርጅና ነው። ይህን የመሰለ ደብተር የሚይዝ ማኅበር ብዙ አለመኖሩ የሚያሳዝን ነው፤ የጆንያው ቁጥር በየቀኑ ይመዘገባል፣ ጆንያውን የሚሸከመው ሞተር ግን መዝገብ የለውም።

ከመክፈት በፊት ርካሹን ማድረግ ይገባል። ኖዝሎቹ ተፈተው ፓምፒስታ ዘንድ ይፈተሹ። ናፍታን እንደ ጉም በመርጨት ፈንታ የሚያንጠባጥብ ኖዝል በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል፤ ፋሻውንም ግድግዳውንም ይበላል፤ ሲብስም የፒስተኑን ራስ ይበሳል። ኖዝሉ ሳይታይ ፋሻ ብቻ የተለወጠለት ሞተር አዲሱን ፋሻ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። የቫልቭ ክፍተት ይስተካከል። የአየርና የናፍታ ፊልትሮዎች ይለወጡ። የዘይቱ ግፊት በዳሽ ቦርዱ መብራት ሳይሆን በሚጠለቅ መለኪያ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ ይለካ። ቴርሞስታቱም በቦታው መኖሩ ይረጋገጥ። «እንዳይሞቅ» እየተባለ ቴርሞስታት ማውጣት በየመንገዱ የተለመደ ልማድ ነው። በደጋ ብርድ ያለ ቴርሞስታት የሚነዳ ሞተር ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ይውላል። ናፍታው በሙሉ ሳይቃጠል ቀርቶ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱም ይቀጥናል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውሃው ወደ ራዲያተሩ በሙሉ መሄዱን ትቶ በአቋራጩ ስለሚመለስ፣ የተፈራው ሙቀት ራሱ ይመጣል።

እነዚህ ሁሉ ተሠርተው ሞተሩ አሁንም ዘይት የሚበላና የሚተነፍስ ከሆነ ቴስታታው ይፈታል። ውሳኔው የሚሰጠውም እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ በፊት አይደለም። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ከፋብሪካ የተቀረጸው የተጠላለፈ መስመር አሁንም ከታየ ጥሩ ምልክት ነው። በላይኛው ጫፍ፣ ፋሻው ከማይደርስበት ቦታ ሥር፣ በጥፍር ሲነካ የሚያቆም ጠርዝ ከተፈጠረ ግን መበላቱን ያመለክታል። ጠርዙ ሳይነሣ አዲስ ፋሻ ቢገባ፣ አዲሱ ጥግ ጠርዙን እየመታ ይሰበራል።

ኮምፓራቶር የሌለው የገጠር ጋራዥ የሲሊንደሩን መበላት በአንድ አዲስ ፋሻና በፊለር ጌጅ ሊለካው ይችላል። ፋሻው ብቻውን ወደ ሲሊንደሩ ታች፣ ፒስተን ብዙ በማይነካው ቦታ ቀጥ ብሎ ይገባና የጫፎቹ ክፍተት ይለካል። ከዚያ ወደ ላይኛው፣ በብዛት ወደሚበላው ቦታ ተስቦ እንደገና ይለካል። የክብ ዙሪያ ከስፋቱ ሦስት እጅ ከትንሽ ስለሚበልጥ፣ በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ለ3.14 ሲካፈል ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደሰፋ ይናገራል። ክፍተቱ በ0.31 ሚሊ ሜትር ከጨመረ ሲሊንደሩ ከላይ በ0.10 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል ማለት ነው። ይህ ዘዴ ሲሊንደሩ ሞላላ መሆን አለመሆኑን አያሳይም፤ ቢሆንም ያለምንም መለኪያ በዓይን ከመፍረድ በብዙ ይሻላል። የሚፈቀደው መጠን እንደ ሞተሩ ስለሚለያይ የአምራቹ መጽሐፍ ይታያል። በአጠቃላይ ግን ነገሩ የሚሊ ሜትር አሥረኛ ጉዳይ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አዲሱ ፋሻ በእያንዳንዱ ምልልስ እየሰፋና እየጠበበ ስለሚሄድ ሳይታተም ይደክማል።

ከሥር በኩል ብሮንዚኖቹ ወጥተው ፊታቸው ይታያል። ግራጫው ሽፋን እኩል የደበዘዘ ከሆነ ተራ እርጅና ነው። ቀዩ መዳብ ብቅ ካለ ጊዜው አልፏል። የተቧጠጠ ከሆነ በዘይቱ ውስጥ ቆሻሻ ነበር። ከብሮንዚኑ ይልቅ ወሳኙ ክራንክ ሻፍቱ ነው። ልስላሴው ከተጠበቀ፣ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ከሌለውና በማይክሮሜትር ሲለካ ክብነቱን ካልሳተ አዲስ ብሮንዚን በዋናው ልክ ገብቶ ሥራው በቦታው ያልቃል። ከተጫረ ግን ክርክሩ አበቃ፤ ክራንክ ሻፍቱ ወርዶ በሬቲፊካ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚን መግባት አለበት። በተጫረ ክራንክ ላይ አዲስ ብሮንዚን መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። በውሃ እጥረት ክፉኛ የሞቀና ፒስተኑ የያዘ ሞተር፣ ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ብዙ መንገድ የሄደ፣ ወይም ከሥር የሚያንኳኳ ሞተርም የ«ፋሻና ብሮንዚን» ሥራ አይደለም። እንዲህ ላለው ሙሉ እድሳቱ ውድ ቢሆንም ርካሹ እሱ ነው።

እስከዚህ ያለው የሙያው ጉዳይ ነው። በማኅበራቱ ዘንድ ነገሩን የሚያበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ የግዢው ሥርዓት ነው። እንደተለመደው ኮሚቴው ከሦስት ጋራዦች ፕሮፎርማ ይሰበስባል። ሞተሩ ገና አልተከፈተም። ሦስቱም ጋራዦች ያላዩትን በሽታ ዋጋ ያወጡለታል። አንደኛው ከኪሳራ ለመዳን ሙሉ እድሳት ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ሥራውን ለማግኘት ዝቅተኛውን ይጽፍና ከፈታ በኋላ «ይህም ተጨመረ፣ ያም ተጨመረ» ይላል። ኮሚቴውም ዝቅተኛውን ከመረጠ ሕጉን የጠበቀ ይመስለዋል። መኪናው ተፈትቶ በጋራዡ ግቢ ከተኛ በኋላ ደግሞ ወደ ሌላ መውሰድ አይቻልምና ድርድሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ይህን ለማስቀረት ምርመራውንና ጥገናውን ለይቶ መዋዋል ይቻላል። በመጀመሪያ ለምርመራ ብቻ፣ ማለትም ለኮምፕሬሽን፣ ለአየር ፍሳሽና ለዘይት ግፊት ልኬት፣ ካስፈለገም ቴስታታ ፈትቶ ለመለካት፣ ትንሽ ዋጋ ይከፈላል። ውጤቱ በቁጥር ተጽፎ ይሰጣል። የጥገናው ፕሮፎርማ የሚጠየቀው ያ ቁጥር ከታየ በኋላ ነው። በአቅራቢያው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ካለ የአውቶሞቲቭ መምህራን ልኬቱን አይተው አስተያየት ቢሰጡ ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል። ሊቀ መንበሩ «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ሞተሩ አልቋል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ፣ መካኒኩም «ጋሼ፣ በእኔ ይሁንብዎ፣ ይውረድ» ከማለት ይልቅ «ሦስተኛው ሲሊንደር ይኸው፣ ቁጥሩ ይኸው» ብሎ የሚያሳይበት ወረቀት ያስፈልጋል። የተለወጡት አሮጌ ዕቃዎችም በጆንያ ታስረው ለቁጥጥር ኮሚቴው ይመለሱ። ፋሻው ተለውጧል ተብሎ ከተከፈለ አሮጌው ፋሻ የት አለ? ይህ ጥያቄ መካኒኩን መጠርጠር አይደለም፤ ሐቀኛውን መካኒክ ከሐሜት የሚያድነው እሱ ነው።

ሌላው መንገድ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ ሞተር ገዝቶ መግጠም ነው። ፍጥነቱ ያጓጓል። ይሁንና የሚገዛው ሞተር የት እንደሠራና ምን እንደበላ የሚናገር ደብተር የለውም፤ ስለዚህ የሚታወቅ በሽታ ሰጥቶ የማይታወቅ መቀበል ሊሆን ይችላል። ሳይለካ አይገዛም። ከዚህም በላይ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተመዘገበ ስለሆነ፣ ሕጋዊ የግዢ ማስረጃ ተይዞ ለውጡ በትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ካልተመዘገበ ለዓመታዊው ምርመራና ለቦሎ ሲቀርብ ችግር ያስከትላል። የሚገዛው መለዋወጫ አዲስ ሲሆንም ጥንቃቄው አይቀርም። በታዋቂ አምራች ካርቶን የታሸገ ሁሉ የዚያ አምራች አይደለም። አሮጌውን ናሙና ይዞ ሄዶ ክብደቱን፣ ቁጥሩንና አጨራረሱን ማስተያየት፣ ደረሰኝም መቀበል ይበጃል። «ሞተር ያድሳል» ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው ወፍራም ፈሳሽ ደግሞ ድምፁን ለጥቂት ቀን ይደብቃል እንጂ የተበላ ብረት አይመልስም። ሊሸጥ ባለ መኪና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው።

ወደ ሥራው ስንመለስ፣ የከፊል እድሳት ዕድሜ የሚወሰነው በንጽሕና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሲሊንደሩ ግድግዳ በድንጋይ ተፈትጎ አዲስ የተጠላለፈ መስመር ሲወጣለት የድንጋዩ ዱቄት እዚያው ይቀራል። በናፍታ ብቻ ማጠብ ዱቄቱን ወደ መስመሮቹ ያስገባዋል። በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ታጥቦ፣ ነጭ ጨርቅ ሲታሽበት ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይደገማል፤ ወዲያውም ዘይት ይቀባል። ሞተሩ በቦታው እንዳለ ሲሠራ ደግሞ ዱቄቱ ወደ ክራንክ ሻፍቱ እንዳይወርድ አስቀድሞ በጨርቅ መሸፈን አለበት። መንገድ ዳር፣ ነፋስ በሚያቦንን ሜዳ ላይ ሞተር መክፈት የተከፈተበትን ምክንያት መልሶ መጨመር ነው።

ቴስታታውም ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞበት መጣመሙ ይታያል። ተጣሞ ቢገኝ ብዙ መላግ አይገባም፤ በናፍታ ሞተር ቫልቩና ፒስተኑ በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ነው የሚተላለፉት። በብዙ የናፍታ ሞተሮች የቴስታታው ጓርኒሲዮን በተለያየ ውፍረት ይመጣል፤ ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ብቅ የሚልበት መጠን ተለክቶ ተስማሚው ይመረጣል። «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አይታመን። ቡሎኖቹ በክንድ ስሜት ሳይሆን በቶርክ መፍቻ፣ በመጽሐፉ በተጻፈው ቅደም ተከተል ይጠብቃሉ፤ ርዝመታቸው ከተወሰነው ያለፈ ቡሎኖችም ይለወጣሉ። ፋሻ ተለውጦ ብሮንዚን መተውም አይመከርም። የታደሰው ላይኛው ክፍል በደከመው ታችኛ ላይ ተጨማሪ ጉልበት ስለሚጭን፣ ሳህኑ አንድ ጊዜ ከተፈታ የብሮንዚኑ ዋጋ ከድጋሚ ድካም ያንሳል። የቀድሞዎቹ ፊያት 682 «ኤን ትሬ» ሾፌሮች ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መጥራት የለመዱት ያለ ነገር አይደለም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት በብዙ ቦታ ይባክናሉ። አዲስ ፋሻ ከግድግዳው ጋር የሚላመደው መጠነኛ ጭነት ሲያገኝ ነው። ሞተሩ ቆሞ ለሰዓታት እንዲሠራ መተው፣ «ይለማመድ» ተብሎ የሚደረገው፣ ግድግዳውን መስታወት አስመስሎ ዘይት መብላቱን ያስቀጥላል። በግማሽ ጭነት፣ ፍጥነቱን እየለዋወጡ፣ ረዥም ዳገት ላይ ሳያስጨንቁ መንዳት ይሻላል። የመጀመሪያው ዘይትና ፊልትሮ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይለወጣል። በዚያው ጊዜ የቫልቭ ክፍተቱ እንደገና ይታያል። ስለዚህ ጥገናው ለነሐሴና ለመስከረም፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪናው ሥራ በሚፈታበት ጊዜ ቢያዝ፣ ልምምዱ በጥቅምት ተጠናቆ መኪናው ለኅዳርና ለታኅሣሥ እህል ይደርሳል። ጥገናውን እስከ ሚያዝያ ያቆየ ማኅበር ግን አዲሱን ፋሻ የሚያለማምደው ሙሉ ማዳበሪያ ጭኖ፣ ዝናብ እየተሽቀዳደመ፣ በቀበሌው ዳገት ላይ ይሆናል።